የሻወር ቤቱ ነጭ ጭስ

በዚያ መንገድ ላይ ጠዋት ሰዓት የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ሰው የሚያየው ጭስ ነበር። ሻወር ቤቱ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ተሸጉጧል፤ በሩን ከመንገድ ሆኖ የሚያየው የለም። ጭስ ማውጫው ግን ከጣራዎቹ ሁሉ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የጡብ ነው፤ በጎኑ የብረት መሰላል ተሰክቶበታል። ጭሱ ጥቁር ከሆነ እሳቱ ገና መያያዙ ነው፤ ቸኩሎ የሚመጣ ሰው ጥርሱን እያንገጫገጨ ይመለሳል። ነጥቶ እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ሲንከባለል ግን ውሃው ደርሷል። ያን ጊዜ በየግቢው እናት ልጇን «ውጪና ጭሱን እይው» ትላለች። ልጅት አጥር ላይ ተንጠልጥላ «ነጭ ነው!» ብላ ትጮኻለች። ወዲያው ፎጣ በትከሻው፣ ሳሙና በእጁ የያዘ ሰው መንገዱን ይሞላዋል። ምንም ጭስ ከሌለ ወይ ሻወር ቤቱ ዝግ ነው፣ ወይ ሰው ሞቷል። ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ነጩ ጭስ ዝም ብሎ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። የሻወር ቤቱ ጌታ፣ ሰፈሩ ባለእሳቱ የሚለው ሰውዬ፣ ከአናጢው ቤት ሰጋቱራ እያመጣ በውሃ ያርሰዋል። የውሃ ማፍያው ቦይለር መንተክተክ ሲጀምር እርጥቡን ሰጋቱራ በእጁ ይዘግንና ምድጃው ውስጥ ይበትነዋል። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ይወጣል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሥራውን ያያል።

«ምነው፣ ሰማዩን አንተ የቀባኸው ትመስላለህ» ትለዋለች ሚስቱ።

«ታዲያ ማን ቀባው?» ይላታል።

ሚስቱን ሰፈሩ እማማ ጭስ ይላታል። ስሙን ያወጣላት ፀጉር ቆራጩ ነው ይባላል። እሱ ግን ይክዳል፤ ምላሷን ያውቀዋላ። በር ላይ ተቀምጣ ተራ የምታስጠብቀው እሷ ናት። ውሃ ከፍቶ የሚዘፍን ወንድ ካለ በሩን በጡጫ ትደበድባለች፦ «አንተ፣ ገላ ነው የምታጥበው ወይስ የጭነት መኪና?» ሰዉ ይስቃል፤ የሚዘፍነውም ይወጣል። እንፋሎቱ ከየክፍሉ በር ሥር እየሾለከ ይወጣና አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን እግር እግራቸውን ያሞቃቸዋል። ወሬ ቢባል እዚያ፣ ዕርቅ ቢባል እዚያ። የተጣላ ሰው ፀጉሩ ረጥቦ፣ ፊቱ ቀልቶ ሲወጣ መኳረፉን ይረሳዋል። ደርቆ የቆየ ሰው ነው ቂም የሚይዝ።

የእማማ ጭስ የወንድም ልጅም፣ እናቷ ቀድማ ስለሞተች፣ እዚያው በእንፋሎት መሃል ነው ያደገችው። ነጩን ትልቅ ፎጣ ታጥባ ስትጨርስ ጭስ ማውጫው መሰላል ላይ ወጥታ ትሰቅለው ነበር፤ ጡቡ ትኩስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቅላታላ። ባለእሳቱ ከታች ሆኖ «አንቺ ዝንጀሮ! ጥላሸት ታስነኪዋለሽ!» ይላታል። ይቆጣል እንጂ መሰላሉን ይይዝላታል።

ሰውዬው ከመሞቱ በፊት ብዙ ሳለ። መጀመሪያ የጠዋት ሳል ነበር፤ ጎረቤቱ «ባለእሳቱ ተነሣ» ብሎ የሚነቃበት። ኋላ የቀንም ሆነ። ሐኪሙ ጭሱን ተው አለው፤ እሱ ሐኪሙን ተወው። ሲቀብሩት ጭስ ማውጫው ያን ቀን ዝም አለ። በማግስቱ እማማ ጭስ ቀሚሷን ሰብስባ እሳቱ ፊት ቁጢጥ አለች፤ ከዚያም በኋላ ዓመት በዓመት ላይ ሲተካ ሰጋቱራ የምትበትነው እሷ ሆነች። አንድም ጠዋት ቢሆን አላስታጎለችም።

እግዜር ቀልደኛ ነው። ያቺ በጭስ ያደገች ልጅ ሕግ ተማረችና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ገባች። ሥራዋ ምን ሆነ? ጭስ ማስከልከል።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስለዚህም ስለዚያም ስታወራ እማማ ጭስ ነገር እንዳለ ገባት።

«ተናገሪው። እንዳረገዘች ድመት አትዙሪብኝ።»

«አክስቴ፣ ደንብ ወጥቷል። ከእንግዲህ በከተማው ውስጥ ማንም ድርጅት በእንጨት፣ በከሰል፣ በተቃጠለ ዘይት ውሃ ማፍላት አይችልም።»

«በምን ላፍላው? በንዴት?»

«በፀሐይ።»

«ላም አለኝ በሰማይ በይኛ!»

«አትቀልጂ። እንጨቱ ድሮ ከየት ነበር የሚመጣው? ከዚህ ከኮረብታው አይደለም? አሁንስ?»

እማማ ጭስ መልስ አላጣችም፤ መልሱን ግን አልወደደችውም። ኮረብታው እንደ ፀጉር ቆራጩ አናት ተመልጧል። እንጨቱን የሚያመጣው መኪና አሁን ከየት አገር እንደሚመጣ ሾፌሩም በወጉ አይናገር። ድሮ በጊዜው የሚመጣው ዝናብም ወይ ይቀራል፣ ወይ በአንዴ ወርዶ የሰው አጥር ይዞ ይሄዳል።

«ዓለም እየሞቀች ነው፣ አክስቴ።»

«እኔ ነኝ ያሞቅኋት? የሰው ጀርባ እንኳ አሙቄ አልጨረስኩ!»

«ብቻሽን አይደለሽም። ጡብ ፋብሪካውም ተነግሮታል፣ ዳቦ ቤቱም። ሁሉም ‘እኔ ብቻ ነኝ ወይ?’ ካለ ማን ይጀምራል?»

«ደመና ሲሆንስ?»

«ኤሌክትሪክ ያግዘዋል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ያን ቀን ትዘጊና ታርፊያለሽ። አርፈሽ ታውቂያለሽ?»

ክርክሩ እንዲህ ሲዋዥቅ ሰነበተ። በመጨረሻ ያሸነፋት ደንቡ አልነበረም። ልጅቷ ለአለቆቿ ቃል መግባቷን እማማ ጭስ ሰማች። ለሌላው ድርጅት ያልተሰጠ የመዘጋጃ ጊዜ ለአክስቷ ስታስፈቅድ፣ «አክስቴ ናት፤ አልደብቃችሁም። ከቃሏ ግን አትወጣም» ብላ ነበር። ጊዜው ካለቀ በኋላ ከጭስ ማውጫው ጭስ ከታየ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ በሩ ይታሸጋል፤ ልጅቷም በአለቆቿ ፊት ውሸታም ትሆናለች። እማማ ጭስ ሌላ ሌላውን ብትችል ይሄን አትችልም። «እሺ፣ ሁለተኛ አላጨስም» ብላ ቃሏን ሰጠቻት።

የፀሐይ ማሞቂያው ጣራ ላይ ወጣ። የገጠመው ባለሙያ ቧንቧውን ሲከፍትላት እጇን ከታ ዘልላ አወጣችው።

«ይሄስ ይልጣል» አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ምርቃት ነው።

ምድጃው ጠፋ። አመዱ ተጠረገ። በማግስቱ ጠዋት እማማ ጭስ ሻሿን አስተካክላ በሯ ላይ ተቀመጠች። ውሃው ፈልቷል፤ ክፍሎቹ ታጥበዋል፤ ሰው ግን የለም። በሁለተኛውም ቀን የለም። ልጅቷ «ክፍት ነው» የሚል ሰሌዳ አጽፋ ቅያሱ አፍ ላይ ሰቀለችላት። ማን ሊያየው! የዚያ ሰፈር ሰው ዕድሜ ልኩን ሽቅብ ነው የሚያየው። ሽቅብ ሲያይ ሰማዩ ባዶ ነው። «ዘግታለች» ይልና ፎጣውን ጠቅልሎ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ወዳለው፣ ውሃው ለብ ወደሚለው ቤት ይሄዳል።

እንዲህ ሲሆን ከርሞ አንድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከላይኛው መንደር የሚመጡ የድሮ ደንበኞች ናቸው፤ ሁሉም ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ከፊት ያለችው ልብስ ሰፊዋ ናት። በሩ ገርበብ ሲል ዓይኗን ጨፍና ጀመረች።

«እኔን! እኔን ያስቀድመኝ! ሳንሰማ ቀረን፤ ሳንቀብርሽ ቀረን፣ እህቴ…»

እማማ ጭስ በሩን ይዛ ቆመች። አላቋረጠቻትም። ሰው የራሱን ለቅሶ ቆሞ የሚሰማው ስንት ጊዜ ነው?

«ደግ ነበረች! ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ደረቷን እየመታች።

«ውሸታም» አለች እማማ ጭስ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ገለጠች። ከኋላ ያለችው ሴት ደረጃው ላይ ዘጭ አለች።

«አንቺ… አልሞትሽም?»

«ካስቀየምኩሽ ይቅርታ።»

«ታዲያ ጭሱ የት ገባ? ባልሽ የተቀበረ ዕለት ነው አንዴ የጠፋው! ይኸው ስንት ጊዜው ከጠፋ! ሌላ ምን እናስብ?»

«ግቡ» አለች እማማ ጭስ። «ለእኔ ለቅሶ መጥታችሁ በደረቁ አትመለሱም።»

አስገብታ አጠበቻቸው። ሲወጡ ፊታቸው ቀልቶ፣ ሳቃቸው ቅያሱን ሞልቶ ነበር። እሷም ሳቀች። ሲሄዱ ግን ብቻዋን አግዳሚው ላይ ቀረች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀብሯታል ማለት ነው፤ ጭስ የለም፣ እሷም የለች። ባለእሳቱን ደግሞ አሁን ነው በደንብ የቀበሩት። እሱ በየጠዋቱ ይቀባው የነበረውን ሰማይ እሷ አጠፋችው።

ከአናጢው ዘንድ ሄደች። አናጢው ጥያቄ አላበዛም፤ ሰጋቱራውን በጆንያ ሰጣት።

በማግስቱ ውሃው በፀሐይ ፈልቶ ሳለ ምድጃው ውስጥ ጥቂት ፍም አደረገችና እርጥቡን ሰጋቱራ ዘግና በተነችበት። ከዚያ ወጥታ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ አንገቷን ቀና አደረገች። ጭሱ መጀመሪያ እንደ ክር ወጣ፤ ቀጥሎ ወፈረ፤ ቀጥሎ ተንከባለለ። ነጭ። ከየትኛው ግቢ እንደሆነ እንጃ፣ አንዲት ሴት «ነጭ ነው! ተነሡ! ነጭ ነው!» ብላ ስትጮህ ተሰማት። እማማ ጭስ የመሰላሉን ብረት ያዘች።

መጡ። ፎጣ በትከሻ፣ ሳሙና በእጅ። አግዳሚው ሞላ፤ በር ሥር እንፋሎት ሾለከ፤ አንዱ ውስጥ ገብቶ ዘፈነ፤ እሷም በጡጫዋ በሩን ደበደበች። ፀጉር ቆራጩ መላጣውን እየዳበሰ ገባ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰጋቱራ ሸተተኝ። ሙታን ተነሡ እንዴ?»

«ቢነሡማ መጀመሪያ የሚመጡት እዚህ ነው። አንተ ግን ፀጉርም የለህ፣ ምንህን ልትታጠብ መጣህ?»

«ትዝታዬን» አላት።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሰጋቱራ በተነች። ከዳቦ ቤቱ ባሻገር የተሠራው አዲስ ፎቅ ላይ ግን ጭሱን የማያውቁ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ያጠቡት ልብስ ሸተተባቸው፤ ለመሥሪያ ቤቱ ተናገሩ።

ልጅቷ የመጣችው እየሮጠች ነው። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወርዶ ክንዷ ላይ ይንጠለጠላል። እማማ ጭስ ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብላ አገኘቻት፤ እጇ ሙሉ ሰጋቱራ።

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር!»

«ውሃውን በፀሐይ ነው ያፈላሁት። ይሄ ማንደድ አይደለም፤ ሰው መጥራት ነው።»

«ጭስ ነው! እኔ አለቆቼ ፊት ምን ብዬ ልቁም? ነገ ሌላ ሰው ይመጣል። እኔ ዘመድ ስለሆንኩ ከነገሩ አውጥተውኛል። ያሽግሻል፣ ገባሽ? ይሄን ቤት ያሽገዋል!»

«ያሽገው! ያለ ጭሱ ድሮም ታሽጓል። ሰው በቁሜ አልቅሶልኝ ሄደ! አንቺ ደንብሽን ታውቂያለሽ፤ ይሄን ጭስ ግን አታውቂውም። ይሄ የአጎትሽ እጅ ነው!»

«አጎቴን የበላው እኮ እሱ ነው!»

ያ ቃል እዚያ ቤት ውስጥ ተነግሮ አያውቅም ነበር።

እማማ ጭስ ምላሷ ላይ የመጣውን ልትወረውር አፏን ከፈተች። ወዲያው ነፋስ ጭሱን ወደ ታች መለሰው። ከምድጃው አፍ እየተትጎለጎለ ወጣና ክፍሉን ሞላው፤ ልጅቷ አልታየቻትም። ሳሏ ብቻ ተሰማት። ከደረት የሚነሣ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ሳል። የጠዋት ሳል። እማማ ጭስ ያን ሳል በእንቅልፏም ታውቀዋለች፤ ለዓመታት ከጎኗ ተኝቶ ነበር።

ባልዲውን አነሣችና ውሃውን ምድጃው ላይ ከለበሰችው። ፍሙ ጮኸ፤ ተንፈቀፈቀ፤ አመድ ሆነ። ሁለተኛውንም ባልዲ ደገመች።

«ውጪ» አለች፤ ልጅቷን በክንዷ ይዛ እየጎተተች። «ውጪ ከዚህ። ሁለተኛ እዚህ ክፍል አትገቢም። እኔም ልደፍነው ካልሆነ አልገባም።»

ውጪ ወጥተው አየር ወሰዱ። ልጅቷ ሸሚዟ ጠቁሯል፤ ፀጉሯ ላይ አመድ ተነስንሷል። እያለቀሰች ነው ወይስ ጭሱ ነው፣ አይለይም።

«ተናገርኩሽ፣ አክስቴ…»

«ልክ ተናገርሽ። እኔ እያወቅሁት ነው ዝም ያልኩት። እሱም ያውቅ ነበር፤ ግን እኮ ይወደው ነበር። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሰው የሚገድለውን ነገር ይወዳል።» አፍንጫዋን በሻሿ ጠረገች። «አሁን ግቢና ታጠቢ። እንዲህ ጉድ መስለሽ ቢሮ አትገቢም።»

ልጅቷ ስትታጠብ እማማ ጭስ ጭቃ አቦካች። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ የተጣሉ ጡቦች ለቅማ የምድጃውን አፍ በገዛ እጇ ደፈነችው። ጡብ ስታስቀምጥ ታወራለች፤ ከማን ጋር እንደሆነ አልጠይቅም። ሲያልቅ ጭቃውን በመዳፏ አለሰለሰችው፤ የሰው ግንባር እንደሚዳበስ።

ስትወጣ ልጅቷ ታጥባ ጨርሳለች። ነጩን ትልቅ ፎጣ አንገቷ ላይ አድርጋ እንደ ድሮዋ መሰላሉ ላይ ወጥታለች፤ እጅ ልማዱን አይረሳም። ጡቡን ነክታ ፈገግ አለች።

«ቀዝቅዟል» አለች።

«ቀዘቀዘ እንጂ አልወደቀም። አንቺ ዝንጀሮ፣ በደንብ ያዢ!» እማማ ጭስ መሰላሉን ከታች ያዘችላት። ልጅቷ ፎጣውን ከላይኛው ብረት ላይ ሰቅላ ወረደች። ነፋሱ አነሣው፤ ተነፋ፤ ተንከባለለ።

ቢሮ ልትሄድ ቦርሳዋን ስታነሣ ቅያሱ ውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ፎጣ በትከሻዋ።

«ነጭ አየሁ» አለች እያለከለከች። «ውሃው ደርሷል አይደል?»

አክስትና ልጅ ተያዩ። ከልብስ ሰፊዋ ኋላ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከዳቦ ጋጋሪው ኋላ ፀጉር ቆራጩ።

«ዓይኔ ደክሟል» አለ ፀጉር ቆራጩ ሽቅብ እያየ። «ከሩቅ ጭስ መስሎኝ ነበር።»

«ዓይን ድሮም የለህ» አለችው እማማ ጭስ። «ግባ። ተራ ያዝ።»

በማግስቱ የመጣው ተቆጣጣሪ ምድጃውን አየ፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። በጣቱ ነክቶ ጣቱን አየ። የፎቁ ሰዎች የተናገሩትን ጠየቃት።

«እውነት ነው» አለችው። «አጭሻለሁ። ልጅቷ አታውቅም ነበር፤ ስታውቅ አስጠፋችኝ። የሚቀጣ ካለ እኔን ቅጣ፤ ቤቱን ግን አታሽግ፣ ሰው ይታጠብበታል።»

ጣራ ላይ ወጥቶ የፀሐይ ማሞቂያውን አየ፤ ውሃውን ነካ፤ እሱም ዘልሎ እጁን አወጣ። በሩን አላሸገም። የመጀመሪያና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ ከእንግዲህ አንዲት ክር ጭስ ብትታይ ወሬ የለም አላት። ጭስ ማውጫውንስ ታፈርሱታላችሁ ወይ ብላ ስትጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ሥሩ ከተደፈነ ጡብ ነው፤ ጡብ ማንንም አይበክልም። ልጅቷን ግን አለቆቿ ሳይቆጧት አላለፉም፤ ከቁጥጥሩ ክፍል አውጥተው ትምህርት ወደሚሰጡበት አዛወሯት። አሁን በየሰፈሩ እየዞረች ስለ ጭስ ታስተምራለች። ስለ አክስቷም ትናገራለች ይባላል። እማማ ጭስ ይሄን ስትሰማ «ቢያንስ ደግ ነበረች ብላ አትዋሽ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ሁለት አንሶላ ገጥማ ረጅም ነጭ ጨርቅ ሰፋችላት። ጠዋት ውሃው ሲደርስ በገመድ ስባ መሰላሉ አናት ላይ ታወጣዋለች። ፀጉር ቆራጩ «እንደ ድሮው ይሁን ካልሽ፣ ውሃው ገና ሲሆን ጥቁር ስቀዪ» አላት።

«ጥቁር አልሰቅልም» አለችው። «አንዴ ሞቼ ተለቅሶልኛል፤ ይበቃኛል።»

የመጀመሪያ ሰሞን ጨርቁ ከጡቡ የተረፈውን የጭስ ሽታ ይዞ ይወርድ ነበር። ማታ ስታጥፈው አፍንጫዋን ትቀብርበታለች፤ እንዳይጠፋባትም ሳታጥበው ከረመች። ኋላ ዝናብ መጣና አጠበው፤ ሽታው ሄደ። አልቅሳ እንደሆነ እንጃ፤ ለማንም አልነገረችም። ጠዋት ግን ተነሣች፣ ቧንቧውን በእጇ ፈተነች፣ ገመዱን ሳበች። ጨርቁ ወጣ፣ ተነፋ። እሷም እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማዩን አየች።

ከአንዱ ግቢ አጥር ጀርባ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ነጭ ነው! ተነሡ!»